ሳይከሳ የማያልፍ ካርድ

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ጅረቱ» ይሉት ነበር። አንዴ ከጀመረ ማን ሊገድበው! «እንዴት አደርክ?» ያለው ሰው ሻዩ ቀዝቅዞ፣ አውቶቡሱ አምልጦት፣ የጅረቱን የሌሊት ሕልም ከነፍቺው ሰምቶ ነው የሚላቀቀው። ምላስ አጥንት የለውም ይባላል፤ የሱ ምላስ ደግሞ ድካም የሚባል ነገርም አያውቅ። ጉዱ፣ እንዲህ ያለው ሰው የተቀጠረው መዝገበ ቃላት ክፍል፣ ቃል በሚቀነስበት ቤት መሆኑ ነው። «ድመት ወተት ጠባቂ ሆና ተቀጠረች» ብላ ነበር አንዷ ባልደረባው ሥራ የጀመረ ዕለት።

ይህን ለፍላፊነቱን ከልቧ የምትወድለት አንዲት ሰው ነበረች፤ እናቱ። በደህና ጊዜዋ ልብስ ሰፊ ነበረች። ዓይኗ ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። የሚኖሩት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሥራ ስምንት ደረጃ ይወጣል፣ ከዚያ በስተግራ ሰማያዊ በር አለ። እናቱ አመሻሽ ላይ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ኮቴውን ትጠብቃለች። በሩ ሲከፈት «አለህ?» ትለዋለች። «አለሁ!» ይላታል። «በል አሳየኝ» ትላለች። ያን ጊዜ ጅረቱ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ የቀኑን ከተማ ይዘረግፍላታል፤ ማን ከማን ጋር ቆሞ እንደነበር፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ጢሙን መላጨቱን፣ የታችኛዋ ጎረቤት ካፖርት ስንት ቁልፍ እንዳለው ሳይቀር። «ዓይኔ አንተ ነህ» ትለዋለች። ለቁልምጫ እንዳይመስላችሁ፤ እውነቷን ነበር።

መዝገበ ቃላት ክፍሉ አንድ ደንብ ነበረው። እያንዳንዱ ቃል ከነምንጩ፣ ከነትርጉሙና ከነምሳሌው በአንድ ካርድ ላይ ይጻፋል። ካርዱ የደረሰው ሰው በቀይ እርሳስ ቢያንስ አንድ ቃል ካልሰረዘ አያሳልፈውም። «ካርድ ሳይከሳ አያልፍም» ይባላል። ከዚህ ወዲያ አያጥርም የተባለ ካርድ «አልቋል» ተብሎ ይፈረምበታል፣ የዋና አዘጋጇ ማኅተም ያርፍበታል፣ ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤት ይወርዳል። ዋና አዘጋጇ የሚመጣላቸውን ካርድ በመነጽራቸው ላይ አየት ያደርጉና «ረዝሟል» ይላሉ። ሌላ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ የሰማ የለም። «ቤታቸው ልጅ ቢወለድም ‹ረዝሟል› ነው የሚሉት» እያለ ጅረቱ ሰው ያስቅ ነበር።

ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ ለሠላሳ ዓመት ያልተነሱ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ሰኞ ኮታቸውን ለበሱና ማንንም ሳይሰናበቱ ወጥተው ቀሩ። ጡረታ ነው ተባለ። ከመሳቢያቸው አንድ ያላለቀ ካርድ ተገኘ። ዋና አዘጋጇ ካርዱን በሁለት ጣታቸው ጫፍ አንጠልጥለው መጥተው ጅረቱ ፊት አኖሩት። ወዲያው ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፤ ጅረቱ አቧራ መሰለው።

ካርዱ እንዲህ ይላል። «እጥር ምጥን፦ ‹አጠረ› እና ‹መጠነ› ከሚሉት የመጣ። ሳይንዛዛም ሳይጎድልም በልኩ የተነገረ ነገር። ምሳሌ፦ ሰማያዊ በር ባለው ቤት፣ መስኮት አጠገብ የተቀመጠች እናት፣ ደረጃውን ወጥቶ የመጣውን ልጇን ‹አለህ?› ብትለው፣ እጥር ምጥን ባለ ቃል ‹አለሁ› አላት።»

«ወይ ጉድ!» አለ ጅረቱ። «ማነው እቤቴ የገባው?» ዞር ዞር ብሎ አየ። ስለ እናቱ ያላወራለት ሰው ስለሌለ ጋሼ ሰምተው ጽፈውት ይሆናል ብሎ ሳቀ። ይሁን እንጂ ሳቁ ከጉሮሮው በታች አልወረደም። ደንቡ ደንብ ነውና ቀዩን እርሳስ አነሳ። በር በር ነው፣ ቀለሙ ምን ያደርጋል ብሎ «ሰማያዊ» የሚለውን ሰረዘ። እሱ ሲሰርዝ መስመሩን ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ ቆልመም የማድረግ ልማድ ነበረው።

ማታ ለእናቱ ስለ አዲሱ ቃል አጫወታት። «እጥር ምጥን ማለት አጭር ማለት ነው» ቢላት ሳቀችበት።

«እናንተ የተማራችሁ! አጭር ማለት አይደለም እኮ። ጨርቁ ቢያጥርብህ ጉልበትህ ይታያል፣ ቢረዝምብህ ይጠልፍሃል። ምጥን ማለት ሰውየው ሲለብሰው ልኩ የሆነው ነው። ምንጩን ከፈለግክ ከሰፊ ቤት ነው በላቸው።»

«እናገርልሻለሁ፣ ስምሽን አስገባለሁ» አላትና ወደ ቀኑ ወሬ ገባ። «የታችኛዋ ጎረቤት አዲስ ካፖርት ገዝታለች፤ ካፖርቷ…» አለና ቆመ። ቃሉ አልመጣ አለው። «ያ… ያ ሰማይ የሚመስለው።»

«ሰማይ ምን ይመስላል?» አለች እናቱ።

«አትቀልጂ እማዬ። የተማሪ ቤት ልብሴ የነበረው ቀለም! አንቺው አይደለሽ እንዴ የሰፋሽው?»

እናቱ አልቀለደችም ነበር። አርባ ዓይነት ክር በጣቷ ለይታ የምታውቅ ሴት፣ ግንባሯን ቋጥራ ብዙ አሰበችና «እንዲህ ያለ ቀለም አላውቅም» አለች። ጅረቱ እርጅና ነው አለ፤ የራሱን ደግሞ በድካም አሳበበ።

በማግስቱ ካርዱ ተመልሶ መጣ። ዋና አዘጋጇ «ረዝሟል» ብለውት ነበር። ጅረቱም፣ ልጁ ከመጣ ደረጃ መውጣቱ የታወቀ ነው ብሎ «ደረጃ» የሚለውን ሰረዘ። አመሻሽ ላይ ሰፈሩ ሲደርስ የታችኛዋ ጎረቤት መተላለፊያው ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ልጄ፣ እናትህን ዛሬ እግዜር ነው ያተረፋት። በሩን ከፍታ ወጣችና ደረጃው ላይ እንደ ሜዳ ልትራመድበት! በቀሚሷ ያዝኳት እንጂ። ‹ደረጃው እኮ ነው እማማ!› ብላት ‹ምኑ?› ትለኛለች። አሥራ አንድ ዓመት ስትወጣ ስትወርድበት የኖረችበትን!»

ጅረቱ ክው አለ። ጎረቤቲቱ ያለችውን ቃል በጆሮው ሰምቶታል፤ በአፉ ሊመልሰው ሲሞክር ግን ምላሱ ባዶ ቦታ ላይ ዞረ። ያን ጊዜ ገባው።

ከዚያ በኋላማ ነገሩ ባሰ። ቃል ብቻውን አይሄድም፤ ዘመዱን ጠርቶ ነው የሚሄደው። ሰማያዊን ተከትለው ቀለሞቹ ሁሉ ወጡ። ደረጃን ተከትለው ፎቁም፣ ጣሪያውም፣ መውጣትና መውረድም ከአፉ ጠፉ። ከሱ አፍ የጠፋው ቃል ደግሞ አብረው የኖሩበትን ነገር ከእናቱ ልብ ይዞ ይሄዳል። ጅረቱ ሥራ ቦታ ቁጭ ብሎ ቀዩን መስመር በላጲስ ፈተገው፤ ወረቀቱ ሳሳ እንጂ መስመሩ ንቅንቅ አላለም። ዳር ላይ ቃሉን እንደገና ልጻፈው ቢል እጁ ጫጭሮ ተወው። በመጨረሻ ካርዱን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበትና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። «እንግዲህ እንተያያለን!» አለው፣ ለወረቀት።

ጠዋት ሲከፍተው «መስኮት» የሚለው ተሰርዟል። መስመሩ ጫፉ ላይ እንደ መንጠቆ ቆልመም ብሏል።

ማታ ቤቱ ሲገባ እናቱ ወንበሯን አዙራ ፊቷን ለግድግዳው ሰጥታለች። «አለህ?» አለች፤ ያቺ ጥያቄስ አልቀረችም። «አለሁ» አላት። «በል አሳየኝ» ስትለው የሚያሳያት አጣ። ስለ ሰው ፊትና ስለ ዳቦ ዋጋ ትንሽ ተንተባተበ። እናቱ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ «አንተ፣ ምነው ከተማው ጠበበ?» አለችው። ጅረቱ ወጥ ቤት ገብቶ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ አለቀሰ።

በነጋታው በምሳ ሰዓት የጋሼን ቤት አጠያይቆ ሄደ። በሩን የከፈቱለት ባለቤታቸው ነበሩ። ጋሼ ሶፋው ላይ ተቀምጠው የተበላሸ የግድግዳ ሰዓት ይነካካሉ። እንግዳውን አዩ፤ ካርዱን በእጁ አዩ፤ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ወደ ሚስታቸው ዞረው «ነይ» አሉ። ሴትየዋ ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡና እጃቸውን ያዙ።

«ከዚህች ቃል በቀር የቀረለት የለም» አሉ ሴትየዋ። «ምን ሆኖ እንደመጣህ አውቃለሁ። እያወራ ሳለ የነገረኝን በደብተር ባልጽፈው ኖሮ ይህንንም አላውቅም ነበር።» ከትራስ ሥር የተማሪ ደብተር አውጥተው እያገላበጡ ነገሩት። «ካርዱ የያዘውን ሰው ቤት ነው የሚጽፈው። በሱ ጊዜ ምሳሌው ስለ ባልና ሚስት ነበር። ብትተወው ራሱ ይሰርዛል፣ የፈለገውን። ለሌላ ብታሳልፈው ያንተ ባለበት ይቆምና የተቀበለው ሰው ቤት ይገባል። አንድ ቃል ብቻ ሲቀር ‹አልቋል› ብሎ የሚፈርምበት ቢገኝ ያበቃለት ነበር፤ እስከዛሬ ግን የፈረመ የለም። ሁሉም ያቺን አንዷን እንዳያጣ ይፈራና መልሶ መሳቢያ ይከታታል። ሲመሽ ካርዱ እንደገና ሙሉ ነው። ባለቤቴም ፈርቶ ነው። አልፈርድበትም።»

«ከጋሼ በፊትስ ማን ይዞት ነበር?»

ሴትየዋ ደብተሩን አዩ። «አለቃችሁ። የቱን ላስቀር ብለው ሳያስቡ በድንገት አለቀባቸው። አፋቸው ላይ የተገኘውን ይዘው ቀሩ።»

«ረዝሟል» የሚለው ድምፅ ጆሮው ላይ አቃጨለ። ስንት ዓመት አስቆበታል! ጅረቱ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በተናገረው ቀልድ አፈረ።

«እርስዎስ እማማ? እርስዎን ምን አደረገዎት?»

«ሠርጌን አላስታውሰውም» አሉ ሴትየዋ። «ፎቶው ግድግዳው ላይ ነው፤ አየዋለሁ፤ ሙሽራዪቱን አላውቃትም። ይሄ ሰውዬ ባልሽ ነው ይሉኛል፣ ደብተሩም እንደዚያ ይላል። እውነቱን ልንገርህ? እኔ አላውቀውም። ‹ነይ› ሲለኝ ግን እመጣለሁ።» ጋሼ የሚስታቸውን እጅ አጥብቀው ይዘው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

ወደ ቢሮ ሲመለስ ባልደረባው፣ ያቺ ስለ ድመት የቀለደችው፣ ጠረጴዛው ዳር ጠበቀችው። ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች ገና ሁለት ወሯ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ሦስት ቀን ሙሉ ዝም! እኔ እኮ ጆሮዬ የደነቆረ መስሎኝ ሐኪም ቤት ልሄድ ነበር። ይሄ ካርድ ነው ያስቸገረህ? አምጣ፣ እኔ ልጨርሰው።»

ካርዱን ከእጁ መንጭቃ ወሰደችው። ጅረቱ ዝም አለ። እውነቱን እንነጋገር፤ ዝም ያለው አውቆ ነው። ትውሰደው! የእናቴ የቀረው ይቅርልኝ፣ የሌላው ቤት የሌላው ነው አለ በልቡ። ማንም እሱን ቢሆን እንደዚያ ይል ነበር። ባልደረባው ካርዱን ታነባለች፤ ፊቷ በራ።

«ውይ፣ ሲጣፍጥ! ምሳሌው ስለ ሕፃን ነው እንዴ? ‹ለመጀመሪያ ጊዜ አፏን ፈትታ ‘ውሃ’ ያለች ሕፃን…› ይሄማ የኔዋ ናት! ትናንት ማታ እኮ ነው ‹ውሃ› ያለችው፤ ለማንም አልነገርኩም!»

ጅረቱ ዘሎ ካርዱን ነጠቃት። «ምነው! አልበላውም!» አለች ባልደረባው ተቀይማ። እሱ ካርዱን ደረቱ ላይ ለጥፎ ቆመ። ገልብጦ ሲያየው እናት ተመልሳ ተጽፋለች፣ ልጅም ተጽፏል። ቀዮቹ ሦስት መስመሮችም በቦታቸው አሉ። አንዲት ቃል ይዛ የመጣች ነፍስ፣ እሷኑ ልትቀማ! ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አረፈደ። እናቱን ቁርስ አበላትና አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያወራ ጀመር። የቀሩትን ቃላት አንድ በአንድ እያነሳ ሰጣት፤ የአባቱን ሳቅ፣ የስፌት መኪናዋን ድምፅ፣ ተማሪ ሳለ ከትምህርት ቀርቶ ወንዝ የዋለበትን ቀን፣ ለማንም ያልነገረውን ፍቅሩን፣ ዝናብን፣ ውሻን፣ ሳሙናን። ሦስት ሰዓት ሙሉ አወራ። እናቱ እየሳቀች «ዛሬስ ምን ነካህ፣ ስንቅ ነው የምታሲዘኝ?» አለችው።

«አዎ፣ ስንቅ ነው» አላት። «እማዬ፣ ልጅሽ ነኝ።»

«ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ወሬ ነው! ማን አይደለህም አለህ?» ብላ ራሱን በእጇ ገፋ አደረገችው።

ቢሮ ገብቶ ካርዱን ፊቱ ዘረጋ። ቀዩን እርሳስ ቀረጸ። ካርዱ ሌላ ቤት እንዳይገባ አንድ ቃል አስቀርቶ ሊፈርም ነው፤ የቱን? «ልጅ» የሚለውን ባስቀር እሷ ልጅ እንዳላት ታውቃለች፣ ስትጠራው ግን የሚመልስላት የለም። «እናት» የሚለውን ባስቀር እኔው ነኝ የማውቃት እንጂ እሷ ምን ትጠቀማለች? ሰፊዋ ራሷ ነግራዋለች፤ ምጥን ማለት ለለባሹ ልክ የሆነው ነው። እናቱ በየማታው የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መልሱም አንድ ነው።

እርሳሱን አስነካው። ምንጩን ሰረዘ፣ ትርጉሙን ሰረዘ፣ በሩን፣ ቤቱን፣ መቀመጡን፣ መምጣቱን። በያንዳንዱ መስመር አንድ ነገር ከውስጡ እየተነቀለ፣ ዘመድ አዝማዱን እየጎተተ ሲሄድ ይሰማዋል። «እናት» ላይ ሲደርስ እጁ እንቢ አለው፤ በግራ እጁ ቀኙን ይዞ ሰረዘው። «ልጅ» ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ቀና ብሎ ክፍሉን ቢያየው በዙሪያው የቆመው ነገር ሁሉ ስም አልነበረውም። ካርዱ ላይ አንድ ቃል ቀርቷል። ሥሩ ላይ፣ የምን ምልክት እንደሆነ እንኳ ሳያውቀው፣ እጁ በልማድ «አልቋል» ብሎ ፈረመ።

ተነስቶ ወደ ዋና አዘጋጇ ወሰደው። ሴትየዋ መነጽራቸውን አስተካክለው ካርዱን አዩ። ከንፈራቸው የለመደውን ሊል ተከፈተ፤ ቆመ። ፊርማውን አዩ፣ ጅረቱን አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ማኅተሙን አንስተው በሁለት እጃቸው አሳረፉበት። ካርዱም በዚያው ቀን ማተሚያ ቤት ወረደ። ከዚያ ወዲያ ተመልሶ አልመጣም።

ጅረቱ እግሩ የሚያውቀውን መንገድ ተከትሎ ሄደ። የሚያልፉትንና የቆሙትን እያየ፣ አንዱንም ምን ብሎ እንደሚጠራው ሳያውቅ ደረሰ። አሥራ ስምንቱን ወጣ። የፈረመባት ያቺ አንዷም ሄዳ እንደሆነ ገና አልሞከራትም፤ ፈርቷል። በሩን ከፈተው።

ፊቷን ለግድግዳው የሰጠችው አሮጊት ደንገጥ አለች። «አለህ?» አላለችም።

«ማነው?» አለች።

አፉን ከፈተ። «አለሁ» አለ፤ ወጣችለት።

አሮጊቷ ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች። «ማን ነህ?»

«አለሁ።»

«እሱንስ ሰማሁ፤ ማን ነህ ነው የምልህ።»

ሄዶ እግሯ ሥር ተንበረከከና እጇን ወስዶ ፊቱ ላይ አደረገው። ጣቶቿ ጨርቅ እንደሚለካ ሰው ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን ቀስ ብለው ለኩ፤ ሲያበቁም እንደገና ከግንባሩ ጀመሩ። ጉንጩ ላይ ሲደርሱ እርጥብ ነካቸው።

«ታለቅሳለህ እንዴ?» አለች። እጇን ከፊቱ ላይ አላነሳችም። «አላወቅኩህም የኔ ጌታ። እኔ ሰው የሚመጣልኝም አይመስለኝ ነበር። ብቻ አትሂድ።»

«አለሁ» አላት።